ሰዓት ሰርቆ የተጋዘው ገበሬ፦ የጄምስ ሩስ የሕይወት ታሪክ

በዚህ የምሥረታ በዓል ልዩ እትም ላይ ስለ አንድ ታዋቂ ገበሬ እንድጽፍ ስጠየቅ ብዙዎች የጠበቁት በአካባቢያችን ስለተሸለመ ሞዴል አርሶ አደር እንደምጽፍ ነበር። እኔ ግን ከሞተ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ስለተቃረበ፣ በስርቆት ተፈርዶበት ከአገሩ ስለተጋዘ ሰው ልጽፍ መርጫለሁ። ይህ ሰው ጄምስ ሩስ ይባላል። በአውስትራሊያ ቅኝ ግዛት የመጀመሪያውን የእርሻ ይዞታ ያገኘው ሰው እሱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ሩስ የተወለደው በ1759 በእንግሊዝ ምዕራባዊ ጫፍ በምትገኘው በኮርንዋል ግዛት፣ ሎንሰስተን ከተባለች ከተማ አቅራቢያ ሲሆን ያደገውም በእርሻ ሥራ ነው። በ1782፣ ዕድሜው ገና ሃያዎቹን እንደጀመረ፣ ቤት ሰብሮ ሁለት የብር ሰዓቶችና ሌሎች ዕቃዎች ሰርቀሃል ተብሎ ቦድሚን በምትባል ከተማ ችሎት ፊት ቀረበ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ለስርቆትም ቢሆን ስቅላት ይፈርድ ስለነበር በእሱም ላይ የሞት ፍርድ ተላለፈ። ሆኖም ፍርዱ ወደ ሰባት ዓመት ግዞት ተለወጠለት። መጀመሪያ እንዲላክ የተወሰነው ወደ አፍሪካ ነበር።

እንግሊዝ ቀደም ሲል እስረኞቿን የምታግዘው ወደ አሜሪካ ነበር። አሜሪካኖች ነፃነታቸውን ሲያውጁ ይህ በር ተዘጋ፣ እስር ቤቶቹም ሞሉ። ስለዚህ መንግሥት ለባሕር ጉዞ የማይበቁ አሮጌ መርከቦችን በየወደቡ አስሮ እስር ቤት አደረጋቸው። ሩስም ፕሊመዝ ወደብ ላይ ቆሞ በነበረው ዳንከርክ በተባለ መርከብ ውስጥ ታስሮ ቆየ። የሰባት ዓመት ፍርዱ አምስቱ ዓመት ያለቀው ገና የእንግሊዝን ምድር ሳይለቅ ነው።

ሜይ 13 ቀን 1787 አሥራ አንድ መርከቦች ከፖርትስመዝ ወደብ ተነሡ። በውስጣቸው ከ700 በላይ እስረኞች፣ ጠባቂ ወታደሮችና መርከበኞች፣ በድምሩ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ነበር። ሩስ የተሳፈረው ስካርቦሮ በምትባለው መርከብ ላይ ነው። ጉዞው ስምንት ወር ፈጀ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 ዛሬ ሲድኒ የምትባለው ከተማ በቆመችበት ወደብ ሠፈሩ። ከመርከብ ሲወርዱ መጀመሪያ ምድር የረገጠው ሩስ ነው፣ አንድ መኮንን በጀርባው አዝሎ አሻገረ እየተባለ ሲወራ የኖረ ታሪክ አለ። እኔ እንደ ወግ ነው የማየው።

የሠፈሩበት ዳርቻ ለእርሻ የሚሆን አልነበረም። አፈሩ አሸዋማ ነው፣ ዛፉ ትልልቅና ጠንካራ ነው፣ መጥረቢያና ዶማው ደግሞ ጥራት የጎደለው ነበር። ይዘውት የመጡት ዘር በመርከብ ውስጥ ሙቀት መታው፣ ከስንዴውም ብዙውን ነቀዝ በላው። ዘር በወጉ ካልተቀመጠ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የመጀመሪያው ዓመት እርሻ ከሸፈ። የመጡት ጥቂት ላሞችና ኮርማዎችም በዚያው ዓመት እረኛ ሳያያቸው ጫካ ገብተው ጠፉ። (እነዚህ ከብቶች ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1795፣ ተራብተው ከ60 በላይ ሆነው ለምለም ሣር ባለበት መስክ ተገኝተዋል። ሰው ሲራብ እነሱ ጠግበው ነበር ማለት ነው።)

ከእስረኞቹ መካከል እርሻ የሚያውቅ በጣም ጥቂት ነበር። አብዛኞቹ የከተማ ሰዎች ናቸው። የቅኝ ግዛቱ አገረ ገዥ አርተር ፊሊፕ ይህን ችግር ደጋግመው ለመንግሥታቸው ጽፈዋል። ከወደቡ ወደ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በሚገኘውና በኋላ ፓራማታ በተባለው ቦታ የተሻለ አፈር ተገኝቶ የመንግሥት እርሻ ተቋቋመ። በ1789 መጨረሻ ከዚያ 200 ቡሼል ገደማ ስንዴ ተሰበሰበ። አንድ ቡሼል ስንዴ ወደ 27 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን በእኛ ልክ 54 ኩንታል አካባቢ ነው። ይህም ለዘር ተቀመጠ እንጂ አልተበላም።

ጄምስ ሩስ ወደ አገረ ገዥው የቀረበው በዚሁ ዓመት ነው። ሰባት ዓመቴን ጨርሻለሁ፣ ገበሬ ነኝ፣ መሬት ይሰጠኝ ሲል አመለከተ። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር ነበር። የእስረኞቹ የፍርድ መዝገብ ከመርከቦቹ ጋር አልተላከም። ማን መቼ እንደተፈረደበት የሚያሳይ ወረቀት በአገረ ገዥው እጅ ስላልነበረ ጊዜዬ አለቀ ያለ ሁሉ ማስረጃ ማቅረብ አይችልም። ነፃ ሰው ሆኖ ሳለ እንደ እስረኛ መሥራት ግድ የሆነበት ጥቂት አልነበረም። አገረ ገዥው ለሩስ ነፃ ነህ የሚል ወረቀት ሊሰጡት ባይችሉም በሥራው ሊፈትኑት ግን ወሰኑ።

በኖቬምበር 1789 ፓራማታ አጠገብ ቦታ ተሰጠው። አንድ ኤከር ተኩል ያህሉ ተመነጠረለት፣ ትንሽ ጎጆ ተሠራለት፣ የእጅ መሣሪያ፣ ዘርና ጥቂት እንስሳት ተሰጡት። አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ስለሆነ አንድ ኤከር ተኩል ማለት 0.6 ሄክታር፣ በእኛ አነጋገር ከሁለት ጥማድ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በሥራው ከበረታ 30 ኤከር እንደሚሰጠው ቃል ተገባለት። የአገረ ገዥው ዓላማ ግልጽ ነበር፤ አንድ ሰው በዚያ አገር ምን ያህል ጊዜ ቢሠራ ራሱን መመገብ ይችላል የሚለውን ማወቅ ፈልገዋል። ቦታው ከዚያ በኋላ የሙከራ እርሻ ተብሎ የተጠራው ለዚህ ነው። ዛሬ ማሠልጠኛ ጣቢያ ላይ ሠርቶ ማሳያ የምንለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ካልተሳካ የሚራበው አንድ ቅኝ ግዛት በሙሉ መሆኑ ነው።

ይህ ማጋነን አይደለም። ምግብና መሣሪያ ጭና ከእንግሊዝ የተነሣችው ጋርዲያን የተባለች መርከብ በዲሴምበር 1789 ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ሳትደርስ ቀረች። በማርች 1790 ደግሞ የቅኝ ግዛቱ ትልቅ መርከብ ሲሪየስ ኖርፎክ በምትባል ደሴት ዳርቻ ድንጋይ ላይ ወጥታ ተሰበረች። በኤፕሪል የሳምንት ቀለብ ለአንድ ሰው ወደ አንድ ኪሎ ዱቄት፣ ከአንድ ኪሎ ያነሰ ሩዝ፣ ከአንድ ኪሎ ያነሰ የከረመ የአሳማ ሥጋ ሆነ። ለእስረኛም ለመኮንንም ልኩ አንድ ነበር። አገረ ገዥው ቤት ለምሳ የተጠራ እንግዳ የራሱን ዳቦ ይዞ ይሄድ ነበር። ሰው አቅም ስላጣ የሥራ ሰዓት ተቀነሰ።

ሩስ የመጀመሪያውን ስንዴ የዘራው በዚያው በ1790፣ ረሃቡ በጠናበት ወር ነው። እዚያ ወቅቱ ከእንግሊዝ ተቃራኒ ስለሆነ የሚዘራው በሜይና በጁን፣ የሚታጨደው በዓመቱ መጨረሻ ነው። ሦስት ቡሼል ስንዴ፣ ማለትም 80 ኪሎ ገደማ፣ በብተና ዘራ። ዘሩ እዚያው አገር የበቀለ እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣ አልነበረም፤ በእኔ እይታ ይህ ትልቁ ብልህነት ነው። ግማሹን በሜይ ግማሹን በጁን ስለዘራም የትኛው ቀን እንደሚሻል በራሱ ማሳ ላይ አየ። የሜይው በለጠ። በቆሎ ደግሞ በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር መጀመሪያ በግማሽ ኤከር ላይ ተከለ። ኮርንዋል ውስጥ በቆሎ አይታወቅምና ምን ያህል እንደሚያገኝበት መገመት አልቻለም፤ የማያውቀውን አላውቅም ብሎ ተናግሯል።

አሠራሩን በዝርዝር የምናውቀው ዋትኪን ቴንች የተባሉ መኮንን በኖቬምበር 1790 እርሻው ድረስ ሄደው ጠይቀው በመጽሐፋቸው ስላሰፈሩት ነው። እኔን በጣም የሳበኝም ይህ ክፍል ነው። ሩስ መጀመሪያ የወደቀውን ግንድ አቃጥሎ አመዱን ከአፈር ጋር ደባለቀ። ከዚያ በዶማ ቆፈረ። በቀን ከ200 እስከ 230 ካሬ ሜትር ብቻ ነበር የሚቆፍረው፤ ከዚያ አያልፍም። የመንግሥቱ እርሻ ላዩን ብቻ ተጭሮ ሲተው የእሱ ግን በጥልቀት ይገለበጣል። አንድ ኤከር ተኩሉን በዚህ ልክ ለመጨረስ አንድ ወር ገደማ በየቀኑ መቆፈር ይጠይቃል። ቀጥሎ ጓሉን ከሰከሰ፣ ሣሩንና አረሙን አፈር ውስጥ ቀበረው። የሚጎትት በሬ ስላልነበረው ይህ ለእሱ እንደ ማረሻ ነው። ማሳውን አየርና ፀሐይ እንዲያገኘው የቻለውን ያህል ጊዜ ከፍቶ ተወው፤ ዘሩን ሊዘራ ሲል ደግሞ እንደገና ገለበጠው።

ቀጣዩ ዕቅዱም ተዘጋጅቶ ነበር። ስንዴው ሲታጨድ መሬቱን እንደገና ቆፍሮ አልስልሶ ተርኒፕ የተባለውን ሥራ ሥር ሊዘራበት አሰበ፤ መሬቱን ለሚቀጥለው ዓመት ያለሰልሰዋል በሚል። ገለባውን አላቃጠለውም። ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የሚበሰብሰውን ነገር ሁሉ ከገለባው ጋር ጨምሮ፣ ማዳበሪያ ሊያደርገው ነበር። ሰብል ማፈራረቅና ኮምፖስት ብለን እኛ በግብርና ኮሌጅ በደብተር የተማርነውን ይህ ሰው ከአባቶቹ መንደር በእጁ ይዞ መጥቷል። ከአንድ ኤከር ተኩል 12 ወይም 13 ቡሼል ስንዴ እንደሚያገኝ ገመተ፤ ሦስት ኩንታል ተኩል አካባቢ መሆኑ ነው። የዘራውን አራት እጥፍ ማለት ነው እንጂ ዛሬ ብዙ የሚያስመካ ምርት አይደለም። ለዚያ አፈርና ለዚያ ዓመት ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ስለ መሬቱ ሲጠየቅ አላሞገሰም፣ አላጥላላምም። መካከለኛ ነው፣ ፍግ ካገኘ ይሠራል፣ ከብት ከሌለ ግን ይደክማል አለ። ይህን አባባል ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ትልቁ ምሬቱ ሌቦች ነበሩ። ነቅቶ ቢጠብቅም በየሌሊቱ ማለት ይቻላል ከማሳው ይሰርቁት ነበር። በስርቆት ተፈርዶበት የመጣ ሰው በሌቦች ሲማረር መስማት ያስፈግግ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ እፍኝ በቆሎ እንደ ወርቅ በሚታይበት ዓመት የሰረቁትም የተራቡ መሆናቸውን መዘንጋት የለብንም።

በእርሻው ላይ ረዳቱ ሚስቱ ነበረች። ኤልሳቤጥ ፔሪ ትባላለች፣ እሷም ግዞተኛ ናት። ከ220 በላይ ሴት እስረኞች ጭና በጁን 1790 በገባችው ሌዲ ጁሊያና በተባለች መርከብ መጣች፤ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1790 ተጋቡ። ታታሪ ሴት መሆኗን ባሏ ራሱ መስክሯል። አገረ ገዥው ለጊዜው የሰጡት አንድ ረዳት እስረኛ ተመልሶ ስለተወሰደበት ጓሉን የሰበሩት፣ አረሙን የነቀሉት፣ ሌሊት ማሳውን የጠበቁት ሁለቱ ናቸው። በታሪክ መጻሕፍት ላይ በጉልህ የሚጻፈው የጄምስ ስም ነው። እኔ ግን በየቀበሌው ስዞር የማየው ነገር የኤልሳቤጥን ድርሻ እንዳልፈው አይፈቅድልኝም።

በፌብሩዋሪ 1791 ሩስ ከመንግሥት መጋዘን ቀለብ መቀበል እንደሚያቆም አስታወቀ። ሙከራው ውጤቱን ሰጠ፤ ከአሥራ አምስት ወር በኋላ አንድ ገበሬ ራሱን ቻለ። በኤፕሪል 1791 የ30 ኤከር፣ ማለትም የ12 ሄክታር፣ ባለይዞታ ተደረገ። በቅኝ ግዛቱ ለአንድ ሰፋሪ የተሰጠ የመጀመሪያው የእርሻ ይዞታ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ፍርዳቸውን ለጨረሱ ሌሎች ሰዎችም በተመሳሳይ መሬት ይሰጥ ጀመር፤ ደንቡ ለብቸኛ ሰው 30 ኤከር፣ ላገባ 20 ተጨማሪ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 10 ኤከር ይል ነበር።

በዲሴምበር 1791 ቴንች ተመልሰው ሲጎበኙት 11 ኤከር ተኩል በእርሻ ላይ ነበር። ሌላ ጥቂት ኤከር ደግሞ እስረኞች በትርፍ ሰዓታቸው መንጥረውለታል። የሚከፍለው ገንዘብ ስለሌለው የመጀመሪያውን ዓመት ሰብል እነሱ እንዲወስዱ ተስማምቷል። አራት እናት አሳማዎችና 30 ዶሮዎች አሉት። ስንዴ ከበቆሎ ያነሰ ስለሚሰጥ ወደ በቆሎ ሊያዘነብል ወስኗል፤ ባለፈው ዓመት አላውቀውም ያለውን ሰብል ማለት ነው። ወይንና ትምባሆ እንዲሞክር ሐሳብ ሲነሣለት ግን የማውቀውን መንገድ ትቼ ወደማላውቀው አልሄድም በሚል አልተቀበለም። እኛ የልማት ሠራተኞች እንዲህ ያለ መልስ ሲያጋጥመን ቶሎ ለውጥ አይቀበልም ብለን እንጽፋለን። ይህ ሰው ግን አንዱን ሰብል ፈትኖ ተቀብሏል፣ ሌላውን አመዛዝኖ ትቷል።

ስለ መሬቱ ስናወራ አንድ ነገር ማለፍ አይገባም። ፓራማታ ባዶ ምድር አልነበረችም። ስሟ ራሱ የመጣው በወንዙ ዳር ይኖሩ ከነበሩት የዳሩግ ሕዝብ ወገን ከሆኑት ቡራማታጋል ነው። መሬቱ ለሩስ ሲሰጥ እነሱን የጠየቀ፣ ካሳም የከፈለ የለም። በ1789 የፈንጣጣ ወረርሽኝ በሲድኒ ዙሪያ ከነበሩት የአገሬው ሰዎች እጅግ ብዙዎቹን ፈጅቷል። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አገሪቱ ባለቤት የሌላት ነበረች የሚለውን ሐሳብ የሻረው በ1992 ነው። ሩስ ሕጉን አላወጣም፤ ይዞታው ግን በዚያ ሕግ ላይ የቆመ ነበር።

በኦክቶበር 1793 ሩስ ያን እርሻ ጆን ሃሪስ ለሚባል የጦር ሐኪም በ40 ፓውንድ ሸጠው። ከብት ከሌለ መሬቱ ይደክማል ብሎ ከተናገረ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር። በጃንዋሪ 1794 ሃውክስበሪ በሚባል ወንዝ ዳር አዲስ ቦታ ከተሰጣቸው 22 ሰፋሪዎች አንዱ ሆነ። እዚያ ያለው ደለል አፈር ፍግ አያስፈልገውም፤ ወንዙ ራሱ ያዳብረዋል። ቅኝ ግዛቱ እህሉን በአብዛኛው ከዚያ ያገኝ ጀመር። ነገር ግን ሰፋሪዎቹ በቆሎ የዘሩበት የወንዝ ዳር የአገሬው ሰዎች ለምግባቸው ሥራ ሥር የሚቆፍሩበት ቦታ ነበር፤ እህሉ ሲደርስ እነሱ መጥተው ይለቅማሉ፣ ሰፋሪዎቹ ይተኩሳሉ፤ ብዙ ሳይቆይ ግልጽ ጦርነት ሆነ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፤ የአገሬው ሰው ይበልጥ።

ትንንሾቹን ገበሬዎች ሌላም ነገር ይዟቸዋል፤ እሱም ንግዱ ነው። የወታደር መኮንኖች ገንዘባቸውን አሰባስበው በመርከብ የሚመጣውን ሸቀጥ ይገዙና ለገበሬው በብዙ እጥፍ ይሸጡለት ነበር። ክፍያው ብዙ ጊዜ አረቄ ነው። ገበሬው ሰብሉን ሳያጭድ በዕዳ ያስይዛል። የመንግሥት መጋዘን እህል በተወሰነ ዋጋ ቢገዛም በሩ ቀድሞ የሚከፈተው ለባለሥልጣናቱ ስለሆነ ብዙ ገበሬ ምርቱን ለእነሱ በርካሽ ይሰጥ ነበር። በዚህ መንገድ መሬቱን ያጣ ቁጥሩ ብዙ ነው። ጎረቤታሞቹ ተባብረው ግብአት የሚገዙበት፣ እህላቸውን ሰብስበው በአንድ የሚሸጡበት ማኅበር አልነበራቸውም። ይህን የማነሣው ለበዓሉ ድምቀት ብዬ አይደለም፤ ታሪካቸውን ሳነብ በየገጹ የጎደለው ነገር ይኸው ሆኖ ስለታየኝ ነው።

የሃውክስበሪ ወንዝ የሰጠውን ይነሣ ነበር። ከከፉት ጎርፎች አንዱ በማርች 1806 የመጣው ነው። ታጭዶ የተከመረውን እህል፣ ከብቱንና ቤቱን ጠራርጎ ወሰደ፤ በቅኝ ግዛቱ የዳቦ ዋጋ ሰማይ ነካ። በ1810 አገረ ገዥ ማኳሪ ሰፋሪዎቹ ከጎርፍ የሚሸሹባቸው ከተሞች በከፍታ ቦታ እንዲቆረቆሩ አደረጉ።

ሩስ በ1809 ባንክስታውን በሚባል አካባቢ 100 ኤከር ተሰጥቶት ነበር። ሆኖም ሀብታም ገበሬ ሆኖ አላረጀም። በ1828 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የተመዘገበው በሌላ ሰው እርሻ ላይ የሠራተኞች ተቆጣጣሪ ሆኖ ነው። የመጀመሪያው የእርሻ ይዞታ ባለቤት በዕድሜው መጨረሻ ለቅጥር ተዳረገ ማለት ነው። በ1836 ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ገባ። በዚያው ዓመት ኤልሳቤጥ ሞተች። እሱ ደግሞ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1837 አረፈ፤ ከተጋቡ ልክ በአርባ ሰባተኛ ዓመታቸው ቀን።

የሸጠው እርሻ ላይ ሃሪስ በኋላ የሠሩት ቤት ዛሬም ፓራማታ ውስጥ ቆሞ የሙከራ እርሻ ቤት ተብሎ ይጎበኛል። በ1959 በሲድኒ የተቋቋመ የግብርና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሙ ተሰይሟል፤ ዛሬ ለመግባት ፈተናው ከሚከብድባቸው የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው።

መቃብሩ ካምፕቤልታውን በሚባል ከተማ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። በድንጋዩ ላይ እናቱ ተጨንቃ እንዳሳደገችውና በዚያ ቅኝ ግዛት የመጀመሪያውን እህል የዘራው እሱ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ተቀርጿል። እርግጥ ከእሱ በፊት የመንግሥቱ እርሻ ዘርቷል፤ ያ ግን በታዘዘ እስረኛ እጅ ነው፣ ሩስ ደግሞ የራሴ ባለው ማሳ ላይ ነው የዘራው። ጽሑፉ በፊደል ግድፈት የተሞላ ነው። ከመሞቱ በፊት ድንጋዩን በገዛ እጁ ቀረጸው ይባላል።